ለእንግዳ ቃል

የኢሜይል ማጣሪያ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስላስቀረው ቆሻሻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አብሮ የሚቀረው ደህና ደብዳቤ ነው። ተራ ማስታወቂያ አምልጦ ቢገባ ማጥፋት የአፍታ ሥራ ነው። የቃለ መጠይቅ ጥሪ ስፓም ውስጥ ቢወድቅ ግን ቀጣሪው «ጠርተነው ቀረ» ይላል፤ ሥራ ፈላጊው «ረሱኝ» ይላል፤ መሃል የቆመውን ዘበኛ የሚጠይቅ የለም። ጂሜይል ላይ ደግሞ ስፓም የገባ መልእክት 30 ቀን ሲሞላው በራሱ ይጠፋል።

ለዚህ ነው ፕሮግራመሩ ፖል ግሬሃም እ.ኤ.አ. በ2002 የጻፈውን አሠራር ደጋግሜ የማስበው። ሰውየው ስፓሙንም ደህናውንም ደብዳቤ ከየዓይነቱ 4000 ያህል ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ክምር ስንት ጊዜ እንደሚገኝ አስቆጠረ። አዲስ ደብዳቤ ሲመጣ ከውስጡ ጎላ ያሉ 15 ቃላት ተመርጠው ይመሰክሩበታል። ስሌቱ የተመሠረተው የሒሳብ ሊቁ ቶማስ ቤይዝ ከሞተ በኋላ በ1763 በታተመው ሥራው ላይ ነው። ልቤን የነኩት ግን ሁለት ትንንሽ ውሳኔዎች ናቸው። አንደኛው፣ ቃሉ በደህና ደብዳቤ ውስጥ የተገኘበት ቁጥር በሁለት ይባዛል፤ ንጹሕ እንዳይኰነን ሚዛኑ ሆን ተብሎ ያጋድላል። ሁለተኛው፣ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ቃል 0.4 ይሰጠዋል። 0 ንጹሕ፣ 1 ጥፋተኛ ነው ቢባል፣ እንግዳው ወደ ንጹሑ ጠጋ ብሎ ይቀመጣል።

በአማርኛ ለሚጻጻፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቃልን በክፍት ቦታ ብቻ ለሚለይ ቆጣሪ «ደብዳቤ»፣ «ደብዳቤዬን»፣ «ለደብዳቤያችሁ»፣ «ከደብዳቤው» አራት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንደዚያው። እንዲህ ባለ ቆጣሪ ፊት ከእኛ ደብዳቤ ቃላት ብዙዎቹ እንግዳ ናቸው፤ እንግዳን በጥርጣሬ የሚቀበል ማጣሪያ የእናትን ሰላምታ ሳይቀር ደጅ ያስቀራል።

ቃል ብቻውን እንደማይበቃም አልክድም። «ዲቪ ደርሶዎታል፣ ክፍያውን ቶሎ ይላኩ» የሚል መልእክት ቃላቱ ሁሉ ጨዋ ናቸው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ዕጣ መውጣቱን በኢሜይል አያበስርም፤ አመልካቹ ራሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ ድረ ገጹ ላይ ያያል። የዛሬ ማጣሪያዎች ከቃሉ አልፈው ላኪውን ይመረምራሉ፤ ደብዳቤው መጣሁበት ካለው አድራሻ በእርግጥ መምጣቱን ያጣራሉ። አንድ ሰው ተበድሮ ለአጭበርባሪ ገንዘብ ከመላክ ከዳነ ምስጋናዬ ሙሉ ነው።

እኔም በበኩሌ ሕግ እየጻፍኩ ማጣሪያዬን አግዘዋለሁ። የዘመዶቼና አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች አድራሻ ፈጽሞ ስፓም አይገባም፤ የባንክ መግለጫ በቀጥታ ወደ ማህደሩ ይሄዳል። ለማላውቀው ሰው ግን አስቀድሜ ሕግ ልጽፍለት አልችልም። ምክር ፈልጎ የመጀመሪያ ደብዳቤውን የላከልኝ ተማሪ በየትኛውም ዝርዝሬ ውስጥ የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስፓሙን ከፍቼ ርእሶቹን አነባለሁ። እውነተኛ ሰው የጻፈው ሆኖ ካገኘሁት «ስፓም አይደለም» የሚለውን እጫናለሁ፤ ማጣሪያው ከዚያ ይማራል። መልሱንም እዚያው እጽፋለሁ፤ ልጁ ከጻፈልኝ ቀናት አልፈዋልና።