ከአምበር እስከ ባሕር ዳርቻ



በዚህ ሳምንት የምናነበው ስለ ባሕር ዳርቻ ነው። ባሕር ዳርቻ ማለት ውኃውና የብሱ የሚገናኙበት ጠርዝ ነው። እኛ ጎጃሞች ባሕር ሲባል ቶሎ የሚታየን ጣና ነው። ከተማውንም ባሕር ዳር ብለነዋል። ጣና ግን ሐይቅ ነው። ውኃው ለሰውም ለከብትም ይጠጣል። ዋናው ባሕር ሌላ ነው። ውኃው ጨው ነው። የጠማው ሰው ቢጠጣው ጥሙ ይብስበታል እንጂ አይቆርጥለትም።

በሬዲዮ «ከባሕር ጠለል በላይ ይህን ያህል ሜትር» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የአገር ከፍታ መለካት የሚጀምረው ከባሕሩ ገጽ ነው። የባሕሩ ገጽ ዜሮ ይባላል። የእኛ ጮቄ ከዚያ ተነሥቶ ሲለካ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ከአምበር ወደ ባሕር መሄድ ማለት መውረድ ነው። ዓባይ በረሃን መውረድ የከበደው ሰው ይህን ቀድሞ ይወቀው።

ዛሬ አገራችን የራሷ ባሕር የላትም። ምጽዋና አሰብ ነበሩ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ስትሆን የባሕሩ ዳርቻ የእሷ ሆነ። ስለዚህ ባሕር ለማየት ድንበር መሻገር ግድ ነው። ከሁሉም የምንመርጠው የጂቡቲን ዳርቻ ነው።

ጂቡቲን ባዕድ አገር ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ለእርሻችሁ የምትገዙት ማዳበሪያ በመርከብ የሚደርሰው እዚያ ነው። በጆንያ ሆኖ ይጫንና ወደ እኛ ይመጣል። ጆንያውን ራሱን «ማዳበሪያ» እያልን እህል እናስቀምጥበት የለ? ያ ጆንያ ባሕሩን ከእኛ ቀድሞ አይቶታል።

መንገዱ ሁለት ነው። በመኪና የሚሄድ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጎ ይሻገራል። የባቡሩ መንገድ ደግሞ በድሬዳዋ በኩል ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የተመረቀው በመስከረም 2009 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከ750 ኪሎ ሜትር አያንስም። በየትኛውም ብትሄዱ ፓስፖርት ያስፈልጋል። ፓስፖርት ማለት መንግሥት ለዜጋው የሚሰጠው ወደ ውጭ አገር መሄጃ ደብተር ነው።

ከጂቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ አርታ የሚባል ዳርቻ አለ። ወደን ያየነው እሱን ነው። ተራራው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዛፍ የለበትም። ከሥሩ ያለው ውኃ ግን ጥርት ያለ ነው። ጉልበታችሁ ድረስ ገብታችሁ ብትቆሙ እግራችሁም ዓሣውም ይታያችኋል። ከዚያ በላይ ዋና የማያውቅ ሰው ባይገባ ይሻላል።

ባሕሩ ዝም ብሎ የተኛ ውኃ አይደለም። ጠዋት ደረቅ የነበረው አሸዋ ከሰዓት በኋላ ውኃ ለብሶ ይገኛል። በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ያህል ይጎድላል። የወንዝ ሙላት ዝናብ ዘንቦ የሚመጣ ደራሽ ነው። የባሕሩ ሙላት ግን ዝናብ አይፈልግም። ጨረቃ ውኃውን ስለምትስበው ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ አንድ ትልቅ ዓሣ ወደ አርታ ይመጣል። ሻርክ ከሚባለው ወገን ነው። ጀርባው እንደ ቆቅ ዝንጉርጉር ነው። ሲያድግ ከ10 ሜትር ይበልጣል። ይህም ከተጠመዱት በሬዎች ግንባር እስከ አራሹ ጀርባ ያለውን ርቀት ሁለት እጥፍ ያህላል። ሰው አይበላም። ምግቡ ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው።

ከአርታ አልፎ አሳል የሚባል ሐይቅ አለ። ቦታው ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው። በአፍሪካ ከዚያ የሚዘቅጥ መሬት የለም። ዳሩ ነጭ ጋቢ የተነጠፈበት ይመስላል፤ ጨው ነው። ጨዉ ከመብዛቱ የተነሣ ሰው ሲገባበት ውኃው ያንሳፍፈዋል። ጨው ሲነሣ የባሶ ገበያ ትዝ ይላል። በጥንት ጊዜ እዚያ መገበያያው አሞሌ ነበር። አሞሌው ግን ከአሳል አልነበረም። ከአፋር በረሃ እየተቆረጠ በግመልና በአጋሰስ ይመጣ ነበር። ያም ቦታ ድሮ ባሕር የነበረና የደረቀ ነው።

አሁን ደስ የማይለውን እንናገር። ከአርታ ማዶ፣ በሰሜን በኩል፣ ኦቦክ የሚባል ዳርቻ አለ። ወደዚያ የሚወርዱት ልጆቻችን ለሽርሽር አይደለም የሚሄዱት። ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳውዲ ለመሻገር ነው። ደላላው «ባሕሩ ጠባብ ነው፣ ማዶው ቅርብ ነው» ይላቸዋል። ጠባብ መሆኑ እውነት ነው። ጀልባው ግን ከልኩ በላይ ይጫናል። በጥር 2011 ዓ.ም. ኦቦክ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 ሰው በላይ ሞተ። በ2016 ዓ.ም. እንደገና ጀልባ ተገልብጦ ብዙ ኢትዮጵያውያን አለቁ። ደላላው ስለ ማዕበሉ አይናገርም፤ እሱ አብሮ አይሳፈርማ! ልጄ ይሄዳል ብሎ የሚሠጋ አባት ወይም እናት ይህችን ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብለት።

ስለ ምጽዋ ደግሞ አባቶችን ጠይቁ። ለውትድርና ሄደው ያዩት አሉ። ከከተማው በስተ ሰሜን ጉርጉሱም የሚባል የታወቀ መዋኛ ዳርቻ አለ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከእርቁ በኋላ ድንበሩ ተከፍቶ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ።

በደቡብ በኩል ኬንያ ውስጥ ሞምባሳ አለ። ከሞምባሳ ወረድ ብሎ ዲያኒ የሚባለው ዳርቻ አሸዋው እንደ ዱቄት ነጭ ነው ይሉታል። ያማረ ነው፤ ግን ለእኛ ሩቅ ነው፤ ኪስም ይጎዳል።

ወደ ጂቡቲ የምትሄዱ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። በክረምት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የሚጠጣ ውኃ በብዛት ያዙ። ጋቢውን ግን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አስቀምጡት።