የአቃቂ ውኃ አፋር ሲወርድ

የጂቡቲ መስመር ሾፌሮች ቃሊቲ ሲያድሩ ስለ አፋር በረሃ ያወራሉ። ስለ ሚሌና ስለ ሰመራ ሙቀት፣ መንገድ ስለሚያቋርጡ ግመሎች። እኔን ግን ከሁሉ የሚማርከኝ ዳጉ የሚባለው የአፋሮች የወሬ መቀባበል ልማድ ነው። ሁለት አፋሮች በረሃ ላይ ሲገናኙ እንዲሁ አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው ይጠያየቃሉ። ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ ወዴት አለ? መንገዱስ ሰላም ነው? የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያቀብላሉ። ውሸት ማቀበል ትልቅ ነውር ነው፤ በዚያ አገር የዝናብ ወሬ ተሳሳተ ማለት ከብት አለቀ ማለት ነውና።

እኛ አቃቂዎች ከዚያ በረሃ ጋር የሚያገናኘን አስፋልቱ ብቻ ይመስለናል። ወንዛችንም እኮ እዚያው ወራጅ ነው! ትንሹና ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ ጂቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የፋብሪካ ፍሳሽና የሰፈር ቆሻሻ የምንለቅበት ውኃ ታች ወርዶ የግመልና የፍየል፣ የሰውም መጠጥ ይሆናል። ይህን ሳስብ ያመኛል። ከዝቃጩም ብዙው ገና በረሃው ሳይደርስ አዋሽ ላይ ባለው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ይቀራል፤ የቆቃ ዳር ሰው ዓሣ የሚያጠምደው ከዚያው ሐይቅ ነው።