ኩባ ልከን የረሳናቸው

ሸዋሮቢት ላይ ሽንኩርት ሲያስጭኑ ከሚውሉት ሽማግሌዎች አንዱ ስፓኒሽ እንደ አማርኛ ይናገራሉ ቢባል ስንቱ ያምናል? እውነት ነው። እኚህ ሰው “ኩባ የተማሩ” ከሚባሉት ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጦርነት ነው። ሐምሌ 1969 ዓ.ም የዚያድ ባሬ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። ከየገጠሩ የተሰበሰበው ሚሊሻ ታጠቅ ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። የኩባ ወታደሮችም መጥተው አብረው ተዋጉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ካራማራ ላይ ድል ተገኘ። ከዚያ በኋላ ኩባ፣ በጦርነቱ አባቶቻቸውን ያጡትን ጨምሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ተቀብላ አስተማረች።

እኚህ የይፋት ቆላ ሰው ያኔ 12 ዓመታቸው ነበር። ሚሊሻው አባታቸው ከግንባር አልተመለሱም። ማሽላ ሲጠብቁና በሬ ሲጠምዱ አድገው፣ ባሕር ተሻግረው “ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ” ገቡ፤ የወጣቶች ደሴት ማለት ነው።

ደሴቷ የአንጎላ፣ የሞዛምቢክና የናሚቢያ ልጆችም የሚማሩባት ነበረች። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት ማሳ። ምግቡ ሩዝና ጥቁር አደንጓሬ፤ እንጀራ በሕልም ብቻ። መጀመሪያ ላይ የእርሻው ሥራ ቅጣት ይመስላቸው ነበር። እያደር ግን ችግኝ ማፍላቱ፣ ውሃ መመጠኑ፣ ፍሬ መምረጡ ከእጃቸው ገባ። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱም እርሻ መረጡ።

ለተግባር ልምምድ የወጡት በክፉ ቀን ነው። ሶቭየት ኅብረት ፈርሳ ነዳጁም ማዳበሪያውም ሲመናመን የኩባ ትራክተሮች ቆሙ፤ ገበሬው ወደ በሬ ተመለሰ። ዘመናዊ እርሻ ሊማሩ የሄዱት የይፋት ልጅ፣ በሬ ጠምደው ለማያውቁ ኩባውያን ቀንበር አጫጫን አሳዩ። እነሱም በተራቸው ከእበት፣ ከሸንኮራ ተረፈ ምርትና በትል ማዳበሪያ ማዘጋጀትን አስተማሯቸው።

ግንቦት 1983 ዓ.ም ደርግ ወደቀ። የላካቸው መንግሥት የለም፤ የተቀበላቸውም አገር ተቸግሯል። ብዙዎች ከሁለት ያጡ ሆነው ዓመታት ቆዩ። እኚህ ሰው ዲግሪያቸውን ይዘው ሲመለሱ አንዱ መሥሪያ ቤት “ወረቀቱ በስፓኒሽ ነው” ብሎ አመላለሳቸው። ሌላው “የደርግ ልጅ” አላቸው። ልጅ ማሳደግ ነበረባቸውና የሽንኩርት ንግድ ገቡ።

ሰኔ 2015 ዓ.ም የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ አደባባይ ወጣ። አንድ አገር ያለ ማዳበሪያ ሲያርስ በዓይናቸው ያዩ ባለሙያ ሮቢ ወንዝ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የጠየቃቸው ግን የለም። ኮምፖስት ብቻውን ችግሩን ይፈታል ማለት አይደለም፤ ኩባም ምርቷ ቀንሶ ሕዝቧ ጾሙን ያደረበት ጊዜ አለ። የቱ ሠራ፣ የቱ ከሸፈ የሚለውን የሚያውቀው ግን እዚያው የነበረ ሰው ነው።

ተማሪ ውጭ መላክ ቀላል ነው፤ አውሮፕላን ማሳፈር ነው። ከባዱ ሲመለስ መቀበሉ ነው። ዛሬም ልጆቻችን ወደ ቻይና፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቱርክ ለትምህርት ይሄዳሉ። የላካቸው መንግሥት ቢለወጥ የሚቀበላቸው ማን ነው? መንግሥት ሲያልፍ እውቀቱም አብሮ የሚያልፍ ከሆነ፣ ሁልጊዜ ከዜሮ መጀመር ነው።

አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልት ለኢትዮጵያ የሞቱ ኩባውያንን ያስታውሳል። ይገባቸዋል። ከኩባ ተምረው የመጡት ኢትዮጵያውያን ግን ሐውልት አልጠየቁም። ዕድሜያቸው 60 ገደማ ደርሷል። የየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወንበር ስቦ “እስቲ ይንገሩን” ቢላቸው ምን ይከፍላል? ሳይጠየቁ ካለፉ በኋላ ግን የሚከፈለው ብዙ ነው።