ሳምንትሽን ስታሰናጂ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና

ለምወድሽ ልጄ፣

ቅዳሜ ዕቃሽን ጭነሽ ወደ አያት ልትገቢ ነው። እናትሽ በርበሬና ሽሮ እያሰናዳችልሽ ነው፤ የእኔ ስንቅ ምክር ስለሆነ በወረቀት አሰፈርኩት። በቃል ስነግርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ታልፊዋለሽ።

ሥራ ከያዝሽ ወዲህ እሑድ ማታ ስልክሽ ላይ የሳምንቱን ጉዳይ ስትደረድሪ አይሻለሁ። ረቡዕ ላይ ግማሹ ሳይነካ ሲቀር ፊትሽ ይጠቁራል። ሰነፍ ሆነሽ አይደለም፤ ዝርዝርሽ የምንኖርበትን ከተማ ስለማያውቅ ነው። እዚህ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ መብራት ሳይሰናበት ይሄዳል፣ ጎረቤት ያርፍና ድንኳን ይጣላል። ለዚህ ሁሉ ክፍተት ያልተወ ዕቅድ ማክሰኞን አይሻገርም።

ስለዚህ አስቀድመሽ የማይነቃነቀውን ብቻ ያዢ። እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳለሁ የሳምንቱ ሥራ 39 ሰዓት ነበር፤ ዓርብ የምሳው ሰዓት ረዘም ስለሚል ጁምዓ የሚሄደውም፣ ጉዳይ ያለበትም ያደርስ ነበር። አንቺ የግል ድርጅት ነው የገባሽው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት እስከ 48 ሰዓት መደበኛ ሥራ ይፈቅዳል፤ በሰባት ቀን ውስጥም ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንድታገኚ ያዝዛል። ይህን ዕረፍት አለቃሽ ባይወስድብሽ አንቺው በልብስ አጠባና በወረፋ እንዳትጨርሺው።

የወጥ ቤቱ ነገር ራሱን ያስተካክላል። ሊጥ ቦክቶ ለመጋገር እስኪደርስ ሦስት ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ረቡዕ ማታ ካቦካሽ ቅዳሜ ትጋግሪያለሽ፣ እንጀራውም እስከ ማክሰኞ ያደርስሻል። ከዚያ እስከ ቅዳሜ ከሱቅ ግዢ፤ እናትሽ እንዳትሰማ እንጂ ማንም አይታዘብሽም። ረቡዕና ዓርብ ምን ልብላ ብለሽም አትጨነቂ፣ ጾሙ ወስኖልሻል፤ ሽሮው ለዚያ ነው።

ገንዘቡ ላይ ግን ጠንቀቅ በዪ፤ ሰው ሳምንቱ የሚበላሽበት እዚህ ነው። ድርጅታችሁ ደመወዝ የሚከፍለው በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ ስለሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር እንደ ወሩ ከ20 እስከ 25 ባለው ቀን ይውላል። አከራይሽ ደግሞ ኪራይ የሚጠብቁት ወር በገባ በ1 ነው። በመካከሉ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ አለ፤ ኪራዩ እጅሽ ላይ ያለ ገንዘብ እየመሰለሽ የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው። ደመወዝ በገባበት ዕለት የኪራዩን፣ የዕቁቡንና የመብራት ካርዱን ለይተሽ አስቀምጪ። ግድግዳሽ ላይ ሁለቱም ቀን ያለበት የቀን መቁጠሪያ ስቀዪ፤ ስልኩ የአንዱን ብቻ ነው የሚያሳይሽ።

ለሌላው ጉዳይ፣ በቀን አንድ ከባድ ነገር ይበቃል። ባንክና ወረዳ በአንድ ጠዋት አይሆኑም፤ ወረዳ ሄደሽ «ሲስተም የለም» ከተባልሽ ቀኑ እዚያው አለቀ። ሲስተም ከሌለ ተመለሺና ጥላ ስር ሻይ ጠጪ፣ በሌላ ቀን ይደርሳል። የተላለፈውን ሁሉ ነገ ላይ አትቆልዪ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የተላለፈ ጉዳይ ካለ ምናልባት መጀመሪያውኑ አያስፈልግሽም ነበርና ሰርዢው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላን ባዶ ተይው። ዝም ብሎ ያለ ሰዓት መስሎሽ ኮርስ እንዳትመዘገቢበት አደራ! ለቅሶ የሚደረሰው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ ያረጀ ጫማ ሊስትሮ ጋ የሚሰፋው በዚያ ሰዓት ነው። ምንም ካልመጣም ተኚበት። ሰፈሩን እንደለመድሽ እድር ግቢ፤ ወጣት ነኝ ብለሽ አትዘግዪ። ለብቻ የሚኖር ሰው ከማንም ይልቅ እድር ያስፈልገዋል።

በየሳምንቱ ነይ አልልሽም፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ አንቺም ዕረፍትሽን ትፈልጊዋለሽ። ከአያት ጦር ኃይሎች ድረስ ባቡር አለ፣ ከዚያ ወደ እኛ ታክሲ ታገኛለሽ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ብቅ በዪ። መምጣት ካልቻልሽ ግን ቅዳሜ ከምሽቱ በፊት ደውዪ፣ እናትሽ ዶሮ እንዳታርድ።

አባትሽ