አበባ ሻጯ ትሙት ወይስ ትኑር?

ተረት ሁለተኛ ጊዜ የሚነገረው ሕፃን ከመጀመሪያው ይልቅ ነቅቶ ያዳምጣል። አያቱ አንዲት ቃል ብታጎድል «እንዲህ አልነበረም!» ብሎ ያርማታል። ይሁን እንጂ ጅቡ ወደ ግልገሏ ሲጠጋ፣ መጨረሻውን አጥርቶ እያወቀ፣ ትንፋሹን ውጦ «ምናልባት ዛሬ ታመልጥ ይሆናል» ብሎ ይመኛል። ታሪኩ እንዳይነካ አጥብቆ የሚከራከረውና ታሪኩ እንዲለወጥ በልቡ የሚማጸነው ያው አንድ ሕፃን ነው። የቆየና የተወደደ ሥራን እንደ አዲስ ለመሥራት የሚነሣ ከያኒ ሁሉ በዚህ ባለ ሁለት ልብ አድማጭ ፊት ይቆማል።

ለዚህ ጉዳይ ሁነኛ ምሳሌ የሚሆነው ከቴአትር ቤት ወይም ከሲኒማ አዳራሽ ሳይሆን ከቪዲዮ ጨዋታ ዓለም የተገኘ ሥራ ነው። ጨዋታ የሚለው ስም አንዳንዱን አንባቢ ነገሩን እንዲንቅ ያደርገው ይሆናል፤ ነገር ግን በአማርኛ ጨዋታ ማለት ወግም እንደ ሆነ መዘንጋት አይገባም። «ፋይናል ፋንታሲ ሰባት» የተባለውን ሥራ ስኩዌር የተሰኘው የጃፓን ኩባንያ ለሕዝብ ያቀረበው በጥር ወር 1997 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሥራው በሦስት ሲዲ ተከፍሎ በሶኒ ኩባንያ የፕሌይስቴሽን መሣሪያ ላይ ይታይ ነበር። አዘጋጁ ዮሺኖሪ ኪታሴ፣ ከኪታሴ ጋር ድርሰቱን የጻፈው ካዙሺጌ ኖጂማ፣ የገጸ ባሕርያቱ ሠዓሊ ቴትሱያ ኖሙራ፣ የሙዚቃው ደራሲ ኖቡኦ ኡዬማትሱ ነበሩ።

ታሪኩ የሚጀምረው ሚድጋር በምትባል ከተማ ነው። ሚድጋር በግዙፍ ምሰሶዎች ላይ በተዘረጋ የብረት ወለል ላይ የተሠራች ክብ ከተማ ናት። ባለጸጎቹ ከወለሉ በላይ ፀሐይ እየሞቁ ይኖራሉ፤ ድሆቹ ከወለሉ በታች፣ ሰማይ የማይታይበት ሠፈር ውስጥ ቆርቆሮና ጣውላ አያይዘው ይኖራሉ። ከተማዋን የሚገዛው መንግሥት ሳይሆን ሺንራ የተባለ ኩባንያ ነው። ኩባንያው የምድሪቱን የሕይወት ኃይል «ማኮ» በሚል ስም እየመጠጠ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ መብራቱ በበራ ቁጥር ምድሪቱ ትደርቃለች። ይህንን የተቃወሙ ጥቂት ሰዎች «አቫላንች» በሚል ስም ተደራጅተው የማኮ ማመንጫዎቹን በፈንጂ ያጠቃሉ። ኩባንያው እነዚህን ጥቂት ሰዎች ለማጥፋት ሲል የሰባተኛውን ክፍለ ከተማ ወለል ከነሕንፃው በታችኞቹ ድሆች ላይ ይደረምሰዋል፤ ጥፋቱንም በአማፂዎቹ ያላክካል። በ1997ቱ ሥራ፣ ወለሉ ሲወድቅ የኩባንያው ፕሬዚዳንት በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ይመለከታል፤ የሚሰማውም የሃይደን «ፍጥረት» የተባለው የመዝሙር ድርሰት ነው። የአንድን ሥርዓት ጭካኔ በአንድ ትዕይንት ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ ሠፈር ፀሐይ በማይደርስበት መሬት ላይ አበባ የምታበቅል አንዲት ወጣት አለች፤ ስሟ ኤሪስ ነው። ጣሪያው በተቀደደ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያበቀለችውን አበባ በመንገድ ላይ ትሸጣለች። ተጫዋቹ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ክላውድን ሆኖ ሲጓዝ ኤሪስ አብራው ትጓዛለች። ልብስና መሣሪያ ይገዛላታል፣ ስትቆስል ያክማታል፣ ችሎታዋ እየጨመረ እንዲሄድ ይደክምላታል። ከረጅም ጉዞ በኋላ፣ በአንድ የተረሳ ጥንታዊ ከተማ ውስጥ፣ ተንበርክካ ምድሪቱን ለማዳን ስትጸልይ፣ ሴፊሮት የተባለው ባላጋራ ከላይ ወርዶ በረጅሙ ሰይፉ ከጀርባዋ ወጋት። ከፀጉሯ ውስጥ የወደቀች ነጭ ዕንቁ ደረጃውን እየነጠረች ወርዳ ውሃ ውስጥ ሰጠመች። ወዲያው ውጊያ ይከተላል፤ የሚሰማው ግን የውጊያ ሙዚቃ አይደለም፤ የእርሷ የራሷ ዜማ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ከዚያም ክላውድ አስከሬኗን ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ይገባና በውሃው ላይ ይለቃታል።

ኪታሴ በኋላ ሲያብራራ፣ ዓላማቸው በፊልም የተለመደውን የጀግና መሥዋዕትነት መድገም እንዳልነበረ ገልጿል። ሞት በእውነተኛው ኑሮ ያለ ማስጠንቀቂያ መጥቶ የሚተወውን ባዶነት ለማሳየት ፈልገው ነበር። ይህም ተሳክቶላቸዋል። በዚያ ዘመን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረ ተጫዋች፣ በጉዞ ጓደኞቹ ዝርዝር ውስጥ የኤሪስን ቦታ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው፣ ምናልባት በሕይወቱ የመጀመሪያውን ኀዘን ተማረ። ብዙዎች ኤሪስን የሚያስነሣ የተደበቀ ምስጢር አለ እያሉ ለዓመታት ፈለጉ። ጨዋታውን ከመጀመሪያው እየጀመሩ ሞከሩት፤ ምስጢሩ ግን አልነበረም። ኤሪስ ሞታ ቀረች።

ከ23 ዓመታት በኋላ፣ በሚያዝያ ወር 2020፣ «ፋይናል ፋንታሲ ሰባት ሪሜክ» ወጣ። ዋና አዘጋጁ የቀድሞው ሠዓሊ ኖሙራ፣ ደራሲው ኖጂማ፣ የሥራው ኃላፊ ኪታሴ ነበሩ። የራሳቸውን የወጣትነት ሥራ እንደገና ለመሥራት የተነሡት ራሳቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መሆናቸው ነገሩን ልዩ ያደርገዋል። ሥራው በሦስት ክፍል እንዲቀርብ ታቀደ፤ የመጀመሪያው ክፍል ከሚድጋር አይወጣም። በቀድሞው ሥራ በጥቂት ሰዓታት የሚያልቀው የሚድጋር ታሪክ በአዲሱ ሠላሳ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ይህ ሁሉ ሰዓት በምን ተሞላ? በዳግም ሥራው ውስጥ የሚመሰገነው ነገር እዚህ ላይ ነው። በ1997 ገጸ ባሕርያቱ ድምፅ የሌላቸው፣ በአብዛኛው ትዕይንት አፍ እንኳ ያልተሣለላቸው፣ አሻንጉሊት መሰል ትንንሽ ምስሎች ነበሩ። ንግግራቸው በጽሑፍ ይነበብ ነበርና ድምፃቸውንም ሆነ የፊታቸውን ገጽታ ተጫዋቹ ከራሱ ልብ ያዋጣ ነበር። በተለይ ጄሲ፣ ቢግስና ዌጅ የተባሉት ሦስቱ የአቫላንች ታጋዮች ጥቂት ቃል ተናግረው በሰባተኛው ክፍለ ከተማ ምሰሶ ላይ የሚሞቱ አጃቢዎች ነበሩ። አዲሱ ሥራ ለእነዚህ ሰዎች ቤት ሰጣቸው። ጄሲ የመድረክ ተዋናይት ለመሆን ጫፍ ደርሳ ነበር፤ የሺንራ ሠራተኛ የነበረው አባቷ በማኮ ተመርዞ ሰመመን ውስጥ ሲወድቅ ግን የተሰጣትን ዋና ሚና ትታ ተመለሰች። ክላውድ በሌሊት ወደ ወላጆቿ ቤት ሄዶ ያንን የተኛ አባት ሲያይ፣ ፈንጂ የምትሠራው ሳቂታ ልጅ ለምን ፈንጂ እንደምትሠራ ተመልካቹ ይረዳል። ወለሉ በሚወድቅበት ሌሊት የሚሞቱት ከእንግዲህ «የሠፈሩ ነዋሪዎች» ብቻ አይደሉም፤ ሱቃቸው የታወቀ፣ ስማቸው የተጠራ ሰዎች ናቸው። በቀድሞው ሥራ በጥላ የቀረውን ወደ ብርሃን ማውጣት ለቀድሞው ሥራ መታመን ነው።

ነገር ግን ከተጨመረው ጎን የተቀነሰ ነገር አለ፤ የተቀነሰውም ቀላል አይደለም። በ1997 የመጀመሪያውን ማመንጫ ያፈነዱት አማፂዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ በፍንዳታውም ንጹሐን ሰዎች ሞቱ። ጄሲ በምሰሶው ላይ ስትሞት፣ በሥራቸው ብዙ ሰው እንደ ሞተና ይህም ሳይሆን አይቀርም ቅጣታቸው እንደ ሆነ ትናገራለች። የቡድኑ መሪ ባሬት ከዚህ ጥያቄ ጋር ረጅም ጊዜ ይታገላል፤ ለትክክለኛ ዓላማ የፈሰሰ የንጹሕ ሰው ደም በማን እጅ ላይ ይቀራል? በ2020ው ሥራ ግን የአማፂዎቹ ፈንጂ አነስተኛ ነው፤ ማመንጫውን እስከ መጨረሻ የሚያጠፋው ሺንራ ራሱ ነው። ጄሲ ይህንን አታውቅም፤ ፈንጂው ለምን ከታሰበው በላይ እንደ ፈነዳ እያሰበች ራሷን ታሠቃያለች። ተመልካቹ ግን ያውቃል። ገጸ ባሕርይዋ የማታውቀውን ተመልካች ማወቁ በተውኔት ጥበብ ትልቅ ኃይል እንዳለው አይካድም። ዳሩ ግን ከተመልካቹ ትከሻ ላይ ሸክም ወረደለት። በቀድሞው ሥራ ተጫዋቹ ፈንጂውን በገዛ እጁ ያጠመደ ተጠያቂ ነበር፤ በአዲሱ የታለሉ ደጋግ ሰዎች ወዳጅ ብቻ ሆነ። ታጋይን ወደን እንድንከተለው ጥፋቱን ሁሉ መደምሰስ ያስፈልጋልን? የ1997ቱ ሥራ አያስፈልግም ይል ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የአዲሱ ሥራ ፈጠራ «ሹክሹክታ» የተባሉት ፍጡራን ናቸው። እነዚህ ግራጫ ካባ የለበሱ መናፍስት ታሪኩ ከተጻፈለት መንገድ ሊወጣ በተቃረበ ቁጥር እየተርመሰመሱ ይመልሱታል። ክላውድ ለሁለተኛው ጥቃት ሳይጠራ ሊቀር ሲል ጄሲን ያቆስሏትና በእርሷ ፈንታ እንዲሄድ ያደርጋሉ። ባሬት በሴፊሮት ሰይፍ ሲወጋም የሞቱ ሰዓት ገና ነውና ከሞት ይመልሱታል። እንግዲህ እነዚህ ከቀድሞው ታሪክ አንዲት ቃል እንዳትጎድል የሚጠብቁ ዘቦች ናቸው፤ «እንዲህ አልነበረም!» እያለ የሚያርመው ሕፃን ነው ካባ ለብሶ መድረክ ላይ የወጣው። በመጨረሻው ውጊያ ክላውድና ጓደኞቹ እነዚህን የዕጣ ፈንታ ዘቦች ይዋጋሉ፤ ያሸንፋሉም። ቢግስ በሕይወት ተገኘ፤ ቀድሞ የሞተው ዛክ የተባለው ወታደርም በሌላ የታሪክ መስመር ሳይሞት ታየ። ለ23 ዓመታት የተመኘ ተጫዋች ሁሉ ያን ጊዜ አንድ ነገር ጠየቀ፤ እንግዲያው ኤሪስም ትተርፋለች ማለት ነው?

ይህ ምኞት በኪነ ጥበብ ታሪክ አዲስ አይደለም። በ1681 ናሁም ቴት የተባለ ገጣሚ የሼክስፒርን «ኪንግ ሊር» እንደገና ሲጽፈው ኮርዴሊያን ከሞት አትርፎ ለኤድጋር ዳራት። ሕዝቡም ወደደው። ተዋናዩ ማክሪዲ በ1838 የሼክስፒርን ጽሑፍ ወደ መድረክ እስኪመልሰው ድረስ፣ አንድ ተኩል ምዕተ ዓመት ለሚያህል ዘመን የእንግሊዝ ተመልካች ኮርዴሊያ ስትድን እያየ ተጽናንቶ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። የተመልካቹ ምኞት መልካም ነበር፤ ርኅራኄ ነው። ነገር ግን የሞተች ልጁን ታቅፎ የሚጮኸው ሽማግሌ አባት ከመድረኩ በመጥፋቱ፣ ልጁን ቀብሮ የመጣ ተመልካች የሚመስለውን ሰው ሳያገኝ ቀረ።

ሁለተኛው ክፍል፣ «ፋይናል ፋንታሲ ሰባት ሪበርዝ»፣ በየካቲት 29 ቀን 2024 ወጣ፤ አዘጋጁ ናኦኪ ሃማጉቺ ነበር። በ1997 የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረው ተጫዋች በዚህ ጊዜ አርባ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በመካከሉ እናቱን ወይም ወንድሙን ወይም የልብ ጓደኛውን ቀብሮ ይሆናል። ወደዚያች የተረሳች ከተማ የሚደርሰው ያን ጊዜ በማያውቀው ዓይነት ፍርሃት ነው። ኤሪስ ተንበርክካ ትጸልያለች፤ ሴፊሮት ይወርዳል፤ ክላውድ ሰይፉን መክቶ ያስቀይሰዋል። ለቅጽበት ዳነች! ከዚያ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ደም ይታያል፤ መልሶ ደግሞ ይጠፋል። ጓደኞቿ ሁሉ ያለቅሳሉ፤ ክላውድ ግን አያለቅስም፤ ዓይኗን ገልጣ ስታናግረው ያያታልና። በመጨረሻም ሁሉም በአውሮፕላን ሲነሡ፣ በሣሩ ላይ ቆማ የምትሰናበተውን ኤሪስን የሚያየው እርሱ ብቻ ነው። በሐይቁ ውሃ ላይ የሚለቃት ትዕይንት የለም።

ይህ ፍጻሜ በሁለት መንገድ ሊታይ ይችላል። በአንድ በኩል ደራሲዎቹ የቴትን መንገድ አልተከተሉም። ኀዘኑን መቀበል የተሳነው ክላውድ፣ የሞተችውን በሕይወት የሚያየው ክላውድ፣ ለ27 ዓመታት የማስነሻ ምስጢር የፈለገው ተጫዋች ራሱ ነው። ምኞቱን ሰጡትና በዚያው ምኞቱ ምን ያህል ብቻውን እንደ ቀረ አሳዩት። ይህ ጥልቅ ሐሳብ ነው። በሌላ በኩል ግን ሐሳቡን በብዙ ዓለማትና በተጠላለፉ የታሪክ መስመሮች ስለ ሸፈኑት፣ ተመልካቹ ከማልቀስ ይልቅ መቁጠር ጀመረ፤ የትኛው ዓለም ነው? የቷ ኤሪስ ናት? እንቆቅልሽ የተሰጠው ለቀስተኛ እንባው ይደርቃል። የ1997ቱ አሻንጉሊት መሰል ምስሎች አፍ ሳይኖራቸው ያስለቀሱት የሆነው ነገር አንድ ብቻ ስለ ነበረና መመለሻ ስላልነበረው ነው።

ዳግም ሥራ ሦስት ነገር ሊያደርግ ይችላል፤ ያጎደለውን መሙላት፣ ያጠፋውን ማረም፣ ያቆሰለውን መሻር። «ፋይናል ፋንታሲ ሰባት» የመጀመሪያውን በሚገባ ፈጽሟል፤ ጄሲና የሠፈሯ ሰዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። በሁለተኛው ላይ፣ መታረም የማያስፈልገውን የአማፂዎቹን ጸጸት አርሟል። በሦስተኛው ላይ ሲያመነታ ይታያል። ቁስሉን ለመሻር ግን ሞትን መሻር ግዴታ አይደለም። አርባ ሁለት ዓመት የሞላው ተጫዋች የናፈቀው የኤሪስን መነሣት ብቻ አልነበረም፤ ከክላውድ ጋር ወደዚያ ሐይቅ ገብቶ፣ ዛሬ በሚያውቀው ኀዘን፣ እንደገና ሊሸኛት ፈልጎ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ይህንን ዕዳ ሊከፍል ይገባዋል።

ያቺ አያትም ተረቷን ስንት ጊዜ ብትደግመው ግልገሏን ከጅቡ አላስጣለቻትም። ጅቡ በቀረበ ቁጥር ግን ልጁን ወደ ጎኗ አስጠግታ እጁን ትይዝ ነበር፤ በማግሥቱም ያንኑ ተረት ንገሪኝ ይላት ነበር።