በርበሬ የሌለበት ቅመም

ስለ ካሪቢያን ካሪ ዱቄት የሚጽፉ ሰዎች ከቅመሙ ዝርዝር ይጀምራሉ። ዝርዝሩን እኔም እሰጣችኋለሁ፤ ግን ከሁሉም የሚያንሰው ጉዳይ እሱ ነው። ድንብላል፣ ከሙን፣ አብሽ፣ እርድ፣ ሰናፍጭ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እንስላል። ይህን የሰማ የመርካቶ ቅመም ነጋዴ "ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?" ቢል አይፈረድበትም። ሁሉም ከእሱ ሱቅ ይገኛል። አዲስ የሚሆንብን ከዝርዝሩ የጎደለው ነው፦ በርበሬ። በጃማይካና በትሪኒዳድ የሚፈጨው የካሪ ዱቄት በአብዛኛው የሚያቃጥል ነገር የለበትም።

እኛ ቤት ቅመምና ቃጠሎ አብረው ይደለዛሉ፣ አብረው ይሰጣሉ፣ አብረው ይፈጫሉ። በርበሬው ዋናው ነው፤ ኮረሪማውም ነጭ አዝሙዱም እሱን ለማጀብ ይገባሉ። የካሪቢያን ሰዎች ግን ሁለቱን ለይተዋቸዋል። የዱቄቱ ሥራ ሽታ፣ ቀለምና ወፈር ያለ መረቅ መስጠት ነው። ቃጠሎው ከትኩስ ቃሪያ ይመጣል፦ ስኮች ቦኔት ከሚሉት፣ ተጨፍልቆ የተቀመጠ ባርኔጣ ከሚመስለው ቢጫ ወይም ቀይ ቃሪያ። ጎበዝ አብሳይ ሳትቆርጠው ሙሉውን መረቁ ላይ ታንሳፍፈዋለች። ሳይፈነዳ ከወጣ የፍራፍሬ ሽታ ያለው መዓዛውን ሰጥቶ፣ እሳቱን ይዞ ይወጣል። ከፈነዳ ግን ምሳው የአዋቂዎች ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። የእኛ በርበሬ ራሱ የዚያ ክፍለ ዓለም ልጅ ነው። የቃሪያ ዘር በሙሉ ከአሜሪካ ምድር የወጣ ነው፤ ወደ ሕንድም ወደ እኛም የመጣው አውሮፓውያን አትላንቲክን ከተሻገሩ በኋላ ነው። ስለዚህ ሕንዶቹ ካሪያቸውን ይዘው ካሪቢያን ሲደርሱ፣ ቅድመ አያቶቻቸው ከሩቅ የተቀበሉትን ቃሪያ በትውልድ አገሩ አገኙት ማለት ነው።

እንዴት ደረሱ? (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።) ብሪታንያ በግዛቶቿ ባርነትን የሻረችው በ1834 ነው። ነጻ የተባሉት ሰዎች ግን "ተለማማጅ" ተብለው ለቀድሞ ጌቶቻቸው መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ ሙሉ ነጻነት ያገኙት ኦገስት 1 ቀን 1838 ነበር። የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ይህ ቀን እንደማይቀር ስላወቁ ሌላ ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ቀድመው ተነሡ። ጆን ግላድስተን፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የዊልያም ግላድስተን አባት፣ በ1836 ካልካታ ላለ የንግድ ድርጅት ጽፎ ሠራተኞች እንዲላኩለት ጠየቀ። ዊትቢና ሄስፐረስ የተባሉት መርከቦች ሜይ 5 ቀን 1838 ዛሬ ጉያና በምትባለው አገር ሰዎቹን አራገፉ። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በሜይ 1845፣ ተራው የጃማይካና የትሪኒዳድ ሆነ፤ ወደ ትሪኒዳድ የመጣችው መርከብ ፋተል ራዛክ ትባል ነበር። በ1917 ምልመላው እስኪቆም ድረስ ጉያና ወደ 239,000፣ ትሪኒዳድ ወደ 144,000፣ ጃማይካ ደግሞ ወደ 37,000 የሚሆኑ ሕንዶችን ተቀበሉ።

አብዛኞቹ ቦጅፑሪ ከሚነገርባቸው ከሰሜን ሕንድ ገጠሮች፣ ከዛሬዎቹ ኡታር ፕራዴሽና ቢሃር፣ የተነሡ ነበሩ። ውላቸው የ5 ዓመት ነው፤ ውሉን ያጓደለ ሠራተኛ እስር ቤት ይገባል። የሚሰፈርላቸው ሩዝ፣ ክክ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ጥቂት ቅመም ነው። ሴቶቹ ቅመም የሚፈጩት በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ በመጅ ነበር። ያገራቸው ሴት ዛሬም ብትሆን ለሁሉም ወጥ የሚሆን አንድ ዱቄት አስቀምጣ አትኖርም፤ ለዓሣው ሌላ፣ ለአትክልቱ ሌላ፣ ለሥጋው ሌላ ታዘጋጃለች። ካሪቢያን ላይ ግን አንዱ ዱቄት ለፍየሉም፣ ለዳክዬውም፣ ለሸርጣኑም፣ ለሽምብራውም፣ ላልበሰለ ማንጎም ይገባል።

ይህ ለውጥ ከሁለት ወገን የመጣ ይመስለኛል። አንደኛው ድካም ነው። ሌሊት ተነሥታ አገዳ ስትቆርጥ የምትውል ሴት በየወጡ የተለየ ቅመም ልትፈጭ አትችልም። ሁለተኛው የእንግሊዝ ገበያ ነው። ለንደን ላይ የሐና ግላስ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የካሪ አሠራር ያወጣው በ1747 ነው፤ ተፈጭቶ የተዘጋጀ "የካሪ ዱቄት" የሚባል ሸቀጥም እዚያው ከተማ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ አንዳንዶች የካሪቢያኑን ዱቄት "ከሕንድ አያቶች ሳይለወጥ የተወረሰ ምስጢር" ሲሉት አልቀበልም። ግማሹ የቢሃር ነው፣ ግማሹ የለንደን ሱቅ። በእኔ ዓይን ይህ አያዋርደውም። ሰዎቹ የተሰጣቸውን ይዘው የራሳቸውን ነገር ሠሩበት፣ በዚህም የተነሣ ዛሬ ጃማይካ ውስጥ የሕንድ ዘር ያለው ሰው ከሕዝቡ ጥቂት ሆኖ ሳለ የፍየል ካሪ ያልቀረበበት ሠርግ ወይም ድግስ ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ወደ ማጀት። እኔ የምኖረው ቶሮንቶ ነው፤ የትሪኒዳድ፣ የጉያናና የጃማይካ ሰው የሞላባት ከተማ ስለሆነች የታሸገው ዱቄት በየሱቁ አለ፣ መጥፎም አይደለም። ቤት መፍጨቱን የምመርጠው ለሽታው ነው። የተፈጨ ድንብላል ቶሎ ይሞታል፣ ከሙኑም ብዙ አይቆይም፤ የሱቁ ዱቄት እኔ እጅ ሲደርስ አንዳንዴ የቀረው የእርድ ቀለም ብቻ ነው።

የኔ ልክ ይህ ነው። ሳይፈጭ ተሰፍሮ ድንብላል 5 የሾርባ ማንኪያ፣ ከሙን 2፣ ሰናፍጭ፣ ቁንዶ በርበሬና እንስላል አንዳንድ፤ አብሽ 2 የሻይ ማንኪያ ብቻ፤ በመጨረሻ የተፈጨ እርድ 4 የሾርባ ማንኪያ። ወደ ጃማይካ ማዘንበል የፈለገ ፒሜንቶ 1 የሻይ ማንኪያ ይጨምር፤ ይህ የዚያች ደሴት የራሷ ዛፍ ፍሬ ነው፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ገውዝ ባንድ ላይ ይሸታል። ትሪኒዳዳዊት ጎረቤቴ ግን ፒሜንቶ የገባበትን ዱቄት ካሪ ብላ አትጠራውም። ሐበሻ ሱቅ የምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ከሙን ስትሉ ነጭ አዝሙድ እንዳይሰጧችሁ። ነጭ አዝሙድ ለእኛ ቅቤ ግሩም ነው፣ እዚህ ከገባ ግን ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

አቆላሉ ላይ የሐበሻ እጅ ያስቸግራል። እኛ ማመስ እንወዳለን፤ ቡናም ሆነ አብሽ ጠቆር ሲል ደስ ይለናል። እዚህ ግን እሳቱ ለስለስ ይበል፣ ጊዜውም ይጠር። ድንብላሉ ሲሸት፣ ሰናፍጩ መንጠር ሲጀምር ይወርዳል። አብሹ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚያርና ስለሚመር መጨረሻ ላይ ገብቶ ወዲያው ይወጣል። እርዱ ምጣድ አይነካም። ከዚያ ቅመሙ ፍጹም ይቀዝቅዝ፤ ሙቀት እንዳለው ከተፈጨ እንፋሎቱ ዱቄቱን ያጓጉለዋል። ቡና መፍጫ ይበቃዋል፤ ጥሬ ሩዝ ፈጭቶ መድፋት ሽታውን በመጠኑ ያወጣል፣ በመጠኑ ነው ያልኩት። ለቡና ሌላ መፍጫ ያላችሁ ሰዎች ሰላም ታገኛላችሁ።

እርዱን ከምታምኑት ሰው ግዙ። አንዳንድ አገር ነጋዴዎች ቢጫው እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል መርዛማ ቀለም ሲቀላቅሉ ተይዘዋል፤ ባንግላዴሽ ውስጥ የተገኘው ጉዳይ በሰፊው የታወቀ ነው። በጣም የሚያበራ ቢጫ ሁልጊዜ ጥሩ ምልክት አይደለም።

አሁን ዋናው ጉዳይ፦ ዘይቱ። ጃማይካውያን ካሪውን "እናቃጥለዋለን" ይላሉ፤ ደረቁን ዱቄት የጋለ ዘይት ውስጥ ጨምረው ቀለሙ ጠለቅ እስኪል ያገላብጡታል። ትሪኒዳዶች በጥቂት ውሃ ይበጠብጡትና ነጭ ሽንኩርት ወዳለበት ትኩስ ዘይት ያፈሱታል። ይንጣጣል፣ ይፈላል፣ ውሃው ተኖ ያልቃል። ብሩህ የነበረው ቢጫ ይከብድና ወደ ቡኒ ያዘነብላል፤ ዱቄቱ አሸዋ አሸዋ ሲል፣ ዘይቱም ከዳር ሲለይ ሥጋው ይገባል። ያለ ምክንያት አይደለም። ለእርድ ቀለሙን የሚሰጠው ኩርኩሚን በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ በዘይት ግን ይሟሟል፤ የድንብላሉና የከሙኑ ሽታም እንዲሁ። ውሃ ደግሞ ክዳን በሌለው ድስት ከ100 ዲግሪ አያልፍም፣ ዘይት ያልፋል። ካሪውን በፈላ መረቅ ላይ ነስንሶ የሚያማስል ሰው ቢጫ ውሃ ሠራ እንጂ ካሪ አልሠራም።

ጎረቤቴ ይህን ስታሳየኝ ብዙ ማብራራት አላስፈለጋትም፤ እናቴ በርበሬ ስታቁላላ ያየሁት ነው። ቁሌት ላይ በርበሬው መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ፣ ሲደርቅ እንደገና ጠብ ይደረግና ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ እስኪጠፋ ይጠበቃል። ጥሬ በርበሬ ቃር እንደሚያመጣ እናቶቻችን እንደሚያስጠነቅቁት፣ አንቲም ጥሬ ካሪ ሆድ ይነፋል ትላለች። (ጎረቤቴን አንቲ የምላት እዚያም ታላቅን በስሟ ብቻ መጥራት ነውር ስለሆነ ነው።) ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ የእኛ ሽንኩርት ረጅሙን መንገድ ቀድሞ ይሄዳል፣ በርበሬው ይከተላል፤ እዚያ ቅመሙ መጀመሪያ ነው፣ ሽንኩርቱ ጥቂትና ለማጀብ ያህል።

ፍየል ለሚሠራ፦ አጥንት ያለው 1 ኪሎ ሥጋ፣ በተፈጨ ባሮ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝና የድንብላል ቅጠል ታሽቶ ይደር። ትሪኒዳዶች ቻዶን ቤኒ የሚሉት ረጅም ቅጠል አላቸው፤ ሽታው የድንብላል ቅጠል ሆኖ ብርቱ ነው፣ ከተገኘ እሱ ይሻላል። ከዱቄቱ 3 የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ይግባ፤ እኛ አልጫ ላይ እርድ እንደምንቆነጥር የቆነጠረ ሰው አልጫ ይበላል። ሥጋው ካሪው ላይ ሲገባ ወዲያው ውሃ አይጨመር። የራሱን ውሃ ያውጣ፣ ያንኑ መልሶ ይጠጣ፣ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ነው የፈላ ውሃ የሚፈስስበት። ከዚያ 2 ሰዓት ያህል በለስላሳ እሳት። ድንች ከገባ መጨረሻው ላይ ፈርሶ መረቁን ያወፍረዋል። ከመውረዱ በፊት ለብቻው ጠቆር ተደርጎ የታመሰና የተፈጨ ከሙን ትንሽ ይነስነስበት፤ ይህ የትሪኒዳዶች ልማድ ነው፣ ያለ እሱ ወጡ የጎደለው ነገር ይኖራል።

በግ? ይሆናል፣ ግን ስቡ ይበዛል። ዶሮ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል፣ ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም። ዳክዬ የትሪኒዳዶች የክብር ምግብ ነው፤ ወንዝ ዳር ወርደው፣ እዚያው እሳት አንድደው፣ ሙዚቃ ከፍተው ይሠሩታል።

ለጾም የምትፈልጉት ግን ሽምብራውን ነው። ትሪኒዳድ ውስጥ በ1930ዎቹ ፕሪንስስ ታውን ከተማ አካባቢ የተጀመረው ደብልስ የሚባለው የመንገድ ዳር ምግብ ሁለት ስስ የተጠበሰ ቂጣ ሆኖ መሐሉ የካሪ ሽምብራ ነው፤ ሰዉ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ቆሞ ይበላዋል። ቅቤ የለው፣ ወተት የለው። የራስ ተፈሪያን የኢታል ምግብም ሥጋ አይነካም፣ ብዙዎቹ ጨውም ይተዋሉ፤ አትክልትና ጥራጥሬውን በኮኮናት ወተትና በቅመም ይሠሩታል። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህ ሥጋን የመተው ልማድ ከሕንድ ሠራተኞች ጉርብትና የመጣ ነው ይላሉ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰባኪዎች አንዱ የሆነው ሌናርድ ሃውልም በ1930ዎቹ መጽሐፉን ያሳተመው ማራግ በሚል የሕንድ ስም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1948 በሻሸመኔ በሰጡት መሬት ላይ ለመኖር ከጃማይካ የመጡት ሰዎች ከሃይማኖታቸው ጋር ይህንንም አመጋገብ ይዘው ነው የመጡት።

ሽምብራው ያድራል፣ እስኪለሰልስ ይቀቀላል፣ ዘይት ላይ በደረቀው ካሪ ይለወሳል፣ የተቀቀለበት ውሃ ይመለስበታል። ግማሹን በማማሰያ ጨፍልቁት። በእንጀራ ይበላል ወይ ለምትሉኝ፣ ይበላል፤ እኔ ግን ከነጭ ሩዝ ጋር እመርጠዋለሁ። የእንጀራው ኮምጣጣነት የአብሹን ምሬት ያጎላዋል፣ መረቁም ቀጭን ስለሆነ በጣት መሐል ይፈስሳል። ባለቤቴ በዚህ አትስማማም፤ እሷ የምትሠራው ወፈር አድርጋ፣ ቃሪያውን ሆን ብላ አፍንድታ ነው።