ሩብ ኪሎ ሜትሩን በአንድ ፎቶግራፍ

በቤርሼቫ ከተማ በሽኩና ሄ የምትኖሩ፣ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ የመጣችሁ አንባቢያን፣ «ሬቫ ኪሎሜተር» የሚባለውን ረጅም ሕንፃ ሳታዩት አትቀሩም። በዕብራይስጥ ሩብ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ስሙም የተጋነነ አይደለም፤ የሕንፃው ርዝመት 250 ሜትር ያህል ነው። የነደፉት አብርሃም ያስኪና አምኖን አሌክሳንድሮኒ የተባሉ አርክቴክቶች ናቸው። ከእሱ ጋር ደግሞ ናሁም ዞሎቶቭና ዳንኤል ሃቭኪን የነደፏቸው ዝቅ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው በግንብ የታጠረ ግቢ ያላቸው ቤቶች ይገኛሉ። በመካከላቸው ያሉት መተላለፊያዎች ጠባብና ጥላ ያለባቸው ናቸው። ይህ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ «ሽኩና ለዱግማ»፣ ማለትም የአርአያ ሰፈር፣ ተብሎ የተሠራ ነው። ዓላማው በበረሃ ፀሐይና አቧራ ውስጥ ሰው ተመችቶት የሚኖርበትን መንገድ ለማሳየት ነበር።

ይህን ሰፈር ፎቶግራፍ ለማንሳት የሞከረ ሰው ሁሉ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ሕንፃው ረጅም ነው፣ ቤቶቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ሰማዩ ሰፊ ነው፣ መሬቱ ሜዳ ነው። ከፊሉ ሲገባ ከፊሉ ይቀራል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ እኛ ፎቶግራፍ የምንወድ የሰፈሩ ሰዎች ስለ ሰፊ እይታ ሌንስ የምናውቀውን ለማካፈል እንወዳለን። ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በስልክ ፎቶግራፍ አንስቶ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ትልቁ ካሜራ ምንድን ነው?

የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ በጥንቃቄ የሚያነሱ ሰዎች ዛሬም በትልቁ ካሜራ ይጠቀማሉ። ይህ ካሜራ ከፊት ሌንስ፣ ከኋላ ደብዛዛ መስተዋት ያለው ሲሆን፣ በመካከል የአንጥረኛ ወናፍ የሚመስል የሚታጠፍና የሚዘረጋ ጥቁር ነገር አለው። አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ መስተዋቱን ሲያይ ምስሉ ተገልብጦ፣ ሰማዩ ከታች ምድሩ ከላይ ሆኖ ይታየዋል። ፊልሙ አንድ በአንድ የሚገባ ሲሆን የተለመደው መጠን 4 በ5 ኢንች ነው። ምስሉ የሚያርፍበት ስፋት ወደ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 9.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

በዚህች አገር የቀድሞው ዘመን ሥዕል ለእኛ የቆየው በእንዲህ ዓይነት ካሜራ ነው። በኢየሩሳሌም የነበረው የአሜሪካን ኮሎኒ የፎቶግራፍ ክፍል ቤርሼቫን ገና ትንሽ የቱርክ ከተማ ሳለች በመስተዋት ሰሌዳ አንስቷታል። ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በኢትዮጵያም የአርመን ተወላጆቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ለቤተ መንግሥቱ ያነሷቸው ፎቶግራፎች ይታወቃሉ።

ስንት ሜትር ወደ ኋላ?

በሌንስ ላይ የሚጻፈው ሚሊ ሜትር ቁጥሩ ባነሰ መጠን እይታው ይሰፋል። ለ4 በ5 ኢንች ፊልም 150 ሚሊ ሜትር መካከለኛ ነው። 90 ሰፊ፣ 65 ደግሞ በጣም ሰፊ ይባላል። ለሬቫ ኪሎሜተር ሒሳቡን እንሥራው። የሕንፃውን ርዝመት በሌንሱ ቁጥር ማባዛት፣ ከዚያም በፊልሙ ስፋት፣ ማለትም በ120 ሚሊ ሜትር፣ ማካፈል ነው። ሕንፃውን ፊት ለፊት ቆሞ ከዳር እስከ ዳር ለማስገባት በ150 ሌንስ 312 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። በ90 ሌንስ 188 ሜትር፣ በ65 ሌንስ 135 ሜትር ይበቃል። በሰፈር መሐል 312 ሜትር ወደ ኋላ የሄደ ሰው በፊቱ ሌላ ሕንፃ፣ ዛፍና የቆመ መኪና ይጋርዱታል። ሰፊው ሌንስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ በጣም ሰፊውን መግዛት አይሻልም ወይ? አይሻልም። ምክንያቶቹን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ሰፊው ሌንስ ሩቁን ያሳንሳል። 10 ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ፣ 1,000 ሜትር ከፍታ ያለው የስሜን ገደል በ150 ሌንስ ፊልሙ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ65 ሌንስ 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሰው የሚያስደነግጠው ተራራ ጉብታ ይመስላል። እዚህም ከዝናብ በኋላ አየሩ ሲጠራ በሰሜን ምሥራቅ የሚታዩት የኬብሮን ተራሮች በሰፊው ሌንስ ክር አክለው ይቀራሉ።

ሁለተኛ፣ ጥጉ ይጨልማል። ብርሃን ወደ ፊልሙ ጥግ የሚደርሰው ተንጋዶ ስለሆነ ይቀንሳል። ሌንሱ በሰፋ ቁጥር ቅነሳው ይብሳል። ይህን ለማስተካከል መሐሉ ጠቆር ያለ ልዩ ማጣሪያ ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም።

ሦስተኛ፣ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያንሳል። የትልቁ ካሜራ ጥቅሙ ካሜራውን ሳያንጋድዱ ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ማንሳት መቻሉ ነው። ካሜራው ወደ ላይ ከተንጋደደ የሕንፃው ግድግዳዎች እንደሚወድቁ ሆነው ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። ሌንሱ ብቻ ከተነሳ ግን ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ለዚህ ሌንሱ የሚጥለው የምስል ክብ ከፊልሙ መብለጥ አለበት። ፊልሙ ከጥግ እስከ ጥግ 154 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የኒኮር 90 ባለ ኤፍ 8 ሌንስ ክቡ 235 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ያስነሳል። የሽናይደር ሱፐር አንጉሎን 65 ባለ ኤፍ 5.6 ግን ክቡ 170 ብቻ ስለሆነ የሚያስነሳው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በተጨማሪም በ65 ሌንስ ወናፉ በጣም ስለሚጨመቅ ሌላ ለስላሳ ወናፍ መግዛት ያስፈልጋል።

ስለዚህ አንድ ሌንስ ብቻ ለሚገዛ ሰው 90ውን እንመክራለን። ከ90 መካከል ደግሞ ባለ ኤፍ 8 የሆነው ይመረጣል። የኒኮሩ ክብደት 360 ግራም ሲሆን ብርሃን የሚያስገባው ባለ ኤፍ 4.5 ግን 600 ግራም ነው። ኤፍ 8 በመስተዋቱ ላይ ጨለም ያለ ምስል ይሰጣል፤ ነገር ግን በኔጌብ ብርሃን ችግር ሆኖ አያውቅም። ኒኮንና ፉጂ ለዚህ ካሜራ ሌንስ መሥራት ካቆሙ ዓመታት ስላለፉ የሚገኘው ያገለገለ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መስተዋቱን በባትሪ ብርሃን እዩት። መዝጊያውን በአንድ ሴኮንድ ላይ አድርጋችሁ ተኩሱትና መዘግየቱን አዳምጡ። የቤርሼቫ አፈር ደቂቅ ዱቄት ስለሆነ በሻራብ ቀን ፊልም አትቀይሩ። ፊልሙ ላይ ያረፈች አንዲት ብናኝ ሥዕሉ ላይ ነጥብ ሆና ትቀራለች።

ከየት ይነሳ?

ከሕንፃው ሌላ ለሰፊ ሌንስ የሚስማማው ቦታ ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የኔጌብ ብርጌድ መታሰቢያ ነው። ዳኒ ካራቫን የሠራው ሲሆን ሥራው ከ1963 እስከ 1968 ነበር። ከጉብታው ላይ ከተማዋም ሜዳውም ይታያል። ሜዳ ሲነሳ ከፊት ቅርብ የሆነ ነገር፣ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ፣ መኖር አለበት። አለበለዚያ ሥዕሉ ባዶ ይሆናል። የካሜራውን ሌንስ ትንሽ ወደ ፊት በማዘንበል ቅርቡንም ሩቁንም አጥርቶ ማንሳት ይቻላል።

በስልክ ለሚያነሱ

ስልካችሁ ላይ 0.5 የሚለውን ስትነኩ የሚከፈተው ሌንስ ከ65ቱም በጣም የሰፋ ነው። በአብዛኞቹ ስልኮች ለትልቁ ካሜራ 43 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ይገመታል። ስለዚህ ከላይ የተናገርነው ሁሉ በስልክ ላይ ይብሳል። በ65 ሌንስ ዳር ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ወደ ጎን ሲሶ ያህል ይለጠጣል፤ በስልኩ 0.5 ከዚያ ይበልጣል። አያትን፣ እናትን ከዳር አታቁሙ። ወደ መሐል አምጧቸው፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ በሉ፣ ስልኩንም ቀጥ አድርጉ።

ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይም አለ። ሰፊ ሌንስ ጠባብ ክፍልን አዳራሽ ያስመስላል። ገና ከመርካዝ ክሊታ የወጣ ቤተሰብ ሳሎኑን በ0.5 አንስቶ ይልካል። በጎንደር ተራውን የሚጠብቀው ዘመድ ሲያየው «እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ እየኖሩ ምን ይጎድላቸዋል?» ይላል። መሽካንታውን፣ አርኖናውን፣ የሌሊት ሥራውን ሥዕሉ አያሳይም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቅሬታ ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። አንድ ሰው በር ላይ አቁማችሁ በተራው ሌንስ አንሱ፤ የሰው ቁመት ክፍሉን ይለካዋል። እናንተም ቤት ለመግዛት ወይም ለመከራየት ማስታወቂያ ስታዩ ይህንኑ አስታውሱ። በሥዕሉ ዳር ያለው ምድጃ ወይም ሶፋ የተለጠጠ ከመሰለ ክፍሉ በሰፊ ሌንስ ተነስቷል ማለት ነው። ሄዳችሁ በእርምጃ ሳትለኩ አትፈርሙ።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንጨምር። በ1984 በሱዳን በኩል በእግር የመጡት ወገኖቻችን መንደራቸውን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይዘው የመጡት ጥቂት ናቸው። ሌሎች ያነሱልን ሥዕሎችም አብዛኞቹ ፊት ብቻ ናቸው፤ ሽማግሌው ይታያል፣ ከኋላው የነበረው ጋራና ወንዝ ግን ተቆርጦ ቀርቷል። ልጆቻችን «የእናንተ አገር ምን ይመስል ነበር?» ሲሉን የምናሳያቸው የለንም። አሁን ደግሞ ሽኩና ሄ የልጆቻችን መንደር ሆናለች። ሕንፃው ያረጃል፣ ይታደሳል ወይም ይፈርሳል፤ ግቢው ውስጥ የተተከለው ሮማን ይነቀላል። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችሁን አስፈቅዳችሁ፣ ሰንበትን አክብራችሁ፣ በሥራ ቀን አመሻሹ ላይ አንድ ሥዕል አንሱ። ሰውየውም ይግባበት፣ በሩም፣ ጥላ ያለበት መተላለፊያውም፣ ሰማዩም። ከጀርባው ቀኑን፣ ቦታውንና የቆሙትን ሰዎች ስም ጻፉበት።